በኮማንዶ ቤት የለጠፍኩት ግድግዳ

ትናንት ካርታሽን ልትለጥፊ ብለሽ ዱቄት በውሃ በጥብጠሽ እሳት ላይ ስትጥጂ፣ ሰናይት፣ እኔ ጓሮ ነበርኩ። ሽታው እዚያ ድረስ መጣ። የዱቄት ሙጫ ሲፈላ የሚሸተው ሌላ ነው፤ ገንፎ አይደለ፣ አጥሚት አይደለ። የበሩን መቃን ያዝኩ። «እማማ፣ ምን ሆንሽ?» ስትዪኝ «ምንም» አልኩሽ። ውሸቴን ነው። ዛሬ ቁጭ በዪና ጻፊልኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አንቺ ቆጥረሻል። እንደምናገረው ጻፊው፣ አታሳምሪብኝ። እናትሽም ታንብበው፤ እሷም አታውቀውም። ያን ጊዜ ገና ክርስትና ያልተነሳች ሕፃን ነበረች።

ቤቱን ታውቂዋለሽ፤ ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ዝቅ ብሎ ያለው ባለ ፎቁ የድንጋይ ቤት ነው። ህንድ ግንበኛ ነው ለአንድ ሀብታም ነጋዴ የሠራው ይባላል። ሰገነቱ የእንጨት ጥልፍ፣ መስኮቱ ብረት፣ ግድግዳው ከክንድ በላይ የወፈረ። ጣሊያን ሲገባ ነጋዴውን አስወጣና የጦር መምሪያው አደረገው። «ኮማንዶ» ይሉት ነበር እነሱ፤ የአዛዦቹ መቀመጫ ማለት ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ሁሉ ኮማንዶ ቤት አለው። እኔ ያኔ ልጅ ነኝ። ውሃ ልንቀዳ ስንወርድ እዚያ ግድግዳ ጋ ስንደርስ ወደ ማዶ እንጠጋለን፤ የጀጎል መንገድ ደግሞ ጠባብ ነው፣ ማዶ የሚባል ነገር የለውም፣ ትከሻችንን ከወዲያኛው ግንብ ጋር እያሻሸን ነበር የምናልፈው። ሙስሊሙ «አዑዙ ቢላህ» ይላል፣ ክርስቲያኑ ያማትባል። ውስጥ የሚጮህ ሰው ውጭ አይሰማም ይሉ ነበር። እኛ ልጆቹ ታዲያ ምንም ባለመሰማቱ ነበር የምንፈራው። ልብስ አጣቢዎች ድምፃቸውን ቀንሰው የሚያዜሟት ነበረች፦

ያ የድንጋይ ቤት ደጁ አይከፈትም፣
የገባ ይወጣል፣ የወጣ አይመስልም።

እውነት ነው። ገብተው የወጡ ሰዎች አይቻለሁ። ሰላም ስትያቸው ከኋላ ሰው ያለ ይመስል ዞር ብለው አይተው ነው የሚመልሱልሽ።

ጣሊያን ወጣ። እንግሊዝ ገባ፣ እሱም ትንሽ ሰነበተና ወጣ። ስንት ዓመት ላይ እንደሆነ አትጠይቂኝ። እኔ የማስታውሰው ሊሬው ረክሶ ሽልንግ የመጣ ጊዜ ነው፤ በአንድ ሽልንግ አንድ ጠርሙስ ላምባና ክብሪት ይዘሽ ትመለሺ ነበር፣ ለጨው የሚሆንም ይተርፍሻል። መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ከጠዋት እስከ ማታ የስፌት መኪናው ድምፅ ሲንጫጫ ይውላል፤ የሚሰፋው ሁሉ የእንግሊዝ ካኪ ነው። ከወታደር ኮት የባል ሱሪ፣ ከሱሪው ትራፊ የልጅ ቁምጣ። እኔ ሙሽራ ሆኜ የለበስኩት ቀሚስ ከወታደር ብርድ ልብስ የተሰፋ ነበር። ያሳክካል፣ ግን ይሞቃል። የጀጎል ሴቶች ሐር ሱሪያቸውን ለብሰው ቀይና ቢጫ ሻሽ ጣል አድርገው ሲያልፉ እኔ በግራጫው ብርድ ልብሴ ዓይኔን እተክልባቸው ነበር። ዛሬ አንቺ ሦስት ሹራብ አውጥተሽ የቱን ልልበስ ትያለሽ።

አያትሽ ተክሌ የተቀጠረው ያን ሰሞን ነው። ግራዝማች ወንድይራድ የሚባሉ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ረጅም፣ ሁልጊዜ ነጭ የሚለብሱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ። ከጣሊያን የተረፉትን ቤቶች የሚቆጣጠሩት እሳቸው ናቸው። የተክሌን አባት ያውቁ ነበርና «ኮማንዶ ቤትን ጠብቅ፣ በሩ አጠገብ ያለውን ክፍል ውሰድ» አሉት። ፎቁ ታሽጓል። ጣሊያን ትቶት የሄደ ወረቀት አለ፣ ከአዲስ አበባ ሰው መጥቶ እስኪያነሳው አንዲት እንዳትነካ ተባለ። ተክሌ በደስታ ሰከረ።

«እዚያ ቤት?» አልኩት።

«ቤት ነው እንግዲህ! ጣሊያኑ ሄዷል፣ ድንጋዩ ምን አደረገሽ?»

ክፍላችን የወታደሮቹ ዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ነው። ክረምት ሲገባ ግድግዳው አለቀሰ፤ ከላይ እስከ ታች ውሃ ያወርዳል። እኔ እናትሽን አርግዣለሁ። ያኔ ደህና ቤት የሚባለው ግድግዳው በጋዜጣ የተለጠፈ ነው፤ ርጥበቱን ይይዛል፣ ሥዕሉም ዓይን ይስባል። ጋዜጣ ግን ከየት ይመጣል? አንድ ቀን ተክሌ ለለቅሶ ወደ ኤረር ወረደ። የፎቁ የጓሮ በር መዝጊያው በስብሶ ነፋሱ ገንጥሎት ኖሯል፣ ወረቀቱ በደረጃው እየተንሸራተተ ግቢ ውስጥ ይበተናል። የጎረቤት ፍየሎች ቆመው ያኝኩታል። እኔም ቆሜ አየኋቸውና፣ ፍየል የሚበላውን እኔ ብለጥፈው ምን አለበት አልኩ። ይቺ ናት ጥፋቴ። ሰው መሬት ላይ የጣለው ወረቀት ጥራጊ ነው ብዬ ነው። ፊደል የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያስብም።

አይ ፋጡማን ጠራሁ። «አይ» በሐረሪዎቹ ቋንቋ እናት ማለት ነው፣ ስማቸው ፋጡማ ነው፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ ግድግዳችን የሚዋሰን ጎረቤቴ ነበሩ። ቤት ማሳመር የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ የሳቸው ቤት መደቡ በቀይ አፈር ተለስኖ እንደ መስተዋት ያበራል። እሳቸው ሙጫውን አማሰሉ፣ እኔ ሦስቴ ወጥቼ በእቅፌ ሙሉ አመጣሁ። ርጥበቱ ከባድ ስለሆነ ድርብ ይሁን አሉ። የሥረኛውን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙረን ለጠፍን፣ በላዩ ላይ ሁለተኛውን። የጣሊያን ጋዜጣም አለበት፤ ከመሃሉ ደግሞ በጥጉ ላይ ትንንሽ ፎቶግራፍ የተለጠፈባቸው ወረቀቶች ነበሩ፤ የሰው ፊት፣ የአገራችን ሰው ሁሉ። እነዚያን መርጠን መደቡ ራስጌ ደረደርናቸው።

«ከእንግዲህ ዘመድ የለኝም አትበዪ» አሉ አይ ፋጡማ እየሳቁ፣ «ወላሂ፣ ባንድ ቀን አሥር ወንድም አገኘሽ!»

«ይሄኛው ምን ሆኖ ነው ዓይኑን ያፈጠጠው?»

«ይሄማ ፈሪው ሙሽራ ነው። አይዞህ ልጄ፣ ሙሽራይቱ አትበላህም! ያን ባለ ጢሙን ግን ለኔ ከፍ አድርገሽ ለጥፊልኝ። አስተግፊሩላህ፣ ምን አስባለኝ!»

ሳቅን፤ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እዚያ ቤት ከገባሁ ያን ቀን ነው መጀመሪያ የሳቅኩት።

ተክሌ ሲመለስ ራሱን ያዘ። «አንዲት እንዳትነካ ተብዬ! አንቺ ሴት፣ ልታስጨርሺኝ ነው?» ጥግ ይዞ ሊልጠው ሞከረ፣ ሙጫው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። እሱም እንደኔው ነው፤ ጠመንጃ እንጂ ፊደል አልቆጠረም። ኋላ «በይ ተዪው፣ ማን ያየዋል» አለ።

እናትሽ በጥቅምት ተወለደች፣ ጥር ላይ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሳች። ድግሱ እዚያችው ክፍል ነው። ሁለት በግ ታረደ፤ አንዱን ለአይ ፋጡማና ለሙስሊም ጎረቤቶች የራሳቸው ሰው አርዶ በራሳቸው ድስት ተሠራ። ሐረር ድግስ ሁለት ድስት ነው። ግራዝማች ሲመጡ ሁሉ ተነሳ፤ እኛ ቤት ይመጣሉ ብሎ ማን ያሰበ! ራስጌ፣ ከፎቶዎቹ ሥር፣ የክብር ቦታ አስቀመጥናቸው። ጠጅ ቀዳሁላቸው። ብርሌውን አፋቸው ጋ አድርሰው ቀና ሲሉ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ አረፈ። ብርሌው እዚያው ቆመ። አልጠጡም፣ አላወረዱም። ከዚያ ቀስ ብለው ተንፏቀቁና ጀርባቸውን ወረቀቱ ላይ ለጠፉ።

ከዚያ በኋላ አልተነሱም። ቄሱ ሊባርኩ ሲቆሙ ሰው ሁሉ ቆመ፣ እሳቸው ተቀምጠው ቀሩ። «ጉልበቴን አሞኛል፣ አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉ፤ መስቀሉን አንገታቸውን ብቻ አስግገው ተሳለሙ። ግንባራቸው ላብ አወረደ፤ በጥር! አይ ፋጡማ አላስቻላቸውም፤ «ግራዝማች፣ ምነው ግድግዳውን ደገፉት? እሱ እንደሆን ያለ ሰውም ይቆማል!» አሉ። ቤቱ ሳቀ። ግራዝማችም ሳቁ፣ በጥርሳቸው ብቻ።

አንድ ድሬሰር ነበር፣ ከጣሊያን ሐኪሞች ጋር የሠራ፣ ቋንቋቸውን የሚያነብ። ጠጁ ሞቅ አድርጎት ከበሩ ጀምሮ ግድግዳውን እያነበበ መጣ። «ይሄ የሳሙና ነው! ይሄ የፈረስ እሽቅድምድም! ይሄ ደግሞ ስለ ብርድ ልብስ...» ሰው ይስቃል። ጋዜጣው አልቆ ወደ ራስጌው ቀረበ። እኔ እንጀራ ይዤ ቆሜያለሁ፣ የግራዝማችን እጅ አያለሁ፤ የመደቡን ጠርዝ ጨብጦ ጣቶቹ ነጥተዋል።

«ጌታዬ፣ ትንሽ ፈቀቅ ቢሉልኝ፣ ከጀርባዎ ያለው ደብዳቤ ነገር ነው፣ ላንብብላችሁ» አለ ድሬሰሩ።

«በድግስ መሃል ምን ንባብ ነው?» አሉ ግራዝማች፣ በዚያችው ቀስ ባለች ድምፃቸው። «ይልቅ ወጣ በልና ጋሪ ፈልግልኝ። ተክሌ፣ አንተም ቄሱን ሸኛቸው።»

ሰው ወጣ፣ ወጣ፣ አለቀ። አይ ፋጡማ ድስታቸውን ይዘው ሄዱ። እኔና እሳቸው ቀረን፣ እናትሽ እጄ ላይ ተኝታለች። በሩ ክፍት ነው፣ ፀሐይ ናት፣ ግን እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

«በላይነሽ፣ ይሄን ማን ለጠፈው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ማን አንብቦልሽ?»

«ማንም። ለፊቱ ብዬ ነው፣ ዘመድ እንዲመስለኝ።»

ፈቀቅ አሉ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ ፈሪው ሙሽራ ማለት እሳቸው ናቸው። ፊታቸው የሞላ፣ ጸጉራቸው ጥቁር፣ ዓይናቸው የፈጠጠ። አራት ወር ሙሉ ራስጌዬ ለጥፌ አላወቅኋቸውም። የሥጋውን ቢላዋ አንስተው ይፍቁ ጀመር። ሙጫው እሺ አይልም፣ ፊታቸው በቁራጭ በቁራጭ ነው የተነሳው፤ ግንባር ለብቻ፣ አገጭ ለብቻ። ከመሬት ለቃቅመው ኪሳቸው ከተቱት። ከሥሩ ሌላ ወረቀት ብቅ አለ።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ድርብ ነው ጌታዬ፤ ለርጥበቱ። የሥረኛው ፊቱ ወደ ግድግዳው ነው።»

ቤቱን ከዳር እስከ ዳር አዩት። «ሦስት ነበሩ» አሉ። ለኔ አይደለም፣ ለራሳቸው ነው። ገባኝ። ፊደል ባላውቅም ፍርሃት አውቃለሁ፤ ሰው ጣሊያን ቤት ሦስት ወረቀት ጽፎ ሲንቀጠቀጥ ምን እንደጻፈ ልጅም ይገባዋል። የሰው ስም ነው የጻፉት። ጋሪው ደረሰ። ሲወጡ «አንቺ ምንም አላየሽም» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ፖሊስ መጥቶ ተክሌን ወሰደው። የመንግሥት ሰነድ አጉድለሃል፣ ሸጠሃል አሉት። ዘወር ብሎ አየኝ። «በላይነሽ፣ እኔ...» አለ፣ አንገቱን ይዘው ገፉት። በዚያው ቀን ወዛደሮች መጡና የፎቁን ወረቀት እያወረዱ ግቢው መሃል አቃጠሉት፤ ምስጥ በልቶታል ተባለ። ሦስት ቀን ነደደ። ጥቁር ቁራጭ ወረቀት ጀጎል ላይ እንደ አሞራ ሲዞር ዋለ፤ የተሰጣ ልብስ ላይ ያርፋል፣ ወጥ ውስጥ ይገባል። እኔ እናትሽን አዝዬ ጭሱ ውስጥ ቆሜ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፤ ከዚያ ቤት የቀረው ወረቀት እኔ የለጠፍኩት ነው። ይሄ ሰው ባሌን አይለቅልኝም።

ነገሩን ለአይ ፋጡማ ነገርኳቸው። ቀልዳቸው ጠፋ። መደቡ ላይ ተቀምጠው ፊቶቹን አንድ በአንድ አዩ፤ ያን ባለ ጢሙን ሲያዩ ዓይናቸውን መለሱ። «ያ አላህ» አሉ፣ «ስንቱን ቤት አጥፍተው ይሆን እነዚህ! ኖራ አምጪ ልጄ። የሚያነብ ሳይመጣ ኖራ እናልብሰው።» አህያ ጭና ከምትመጣ ሴት ኖራ ገዛን፣ ውሃ ስናፈስበት እንደ ድስት ፈላ፣ ቀኑን ሙሉ ስንለቀልቅ ዋልን። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግድግዳው ነጭ ነው። «እንግዲህ ሂጂና ሰውዬውን አናግሪ» አሉኝ። «ምን ብዬ?» «እኔ ምን አውቃለሁ። አፍሽ ሲከፈት ይመጣል፣ ኢንሻላህ።»

የግራዝማች ቤት ከግንቡ ውጭ ነው፣ አዲሱ ከተማ። መንገዱን አላስታውሰውም። እናትሽ ጀርባዬ ላይ ስታለቅስ እሹሩሩ ማለት አቅቶኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ግቢያቸው ውስጥ መንደሪን ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ተነሺ አሉኝ። ተነሳሁና አፌ ተከፈተ።

«ጌታዬ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀብቼዋለሁ።»

የያዙትን መንደሪን አስቀመጡ።

«ጸሐፊዎች ፎቁ ላይ ሊገቡ ነው አሉ፤ የተማሩ ልጆች። አሁን እርስዎ ግድግዳውን ቢያስፍቁት ምንድን ነው ብለው ይመጣሉ፣ ያነባሉ። ይተዉት። ባሌ ሲመለስ እኔ በየዓመቱ ለመስቀል ኖራ እደርብበታለሁ፤ ሰው እንዲነካው አላደርግም። ባሌ ካልተመለሰ ግን ክፍሉ የዘበኛ ነውና ለቅቄ መውጣቴ ነው። ከኔ ቀጥሎ የሚገባው ሰው ኖራ ይውደድ አይውደድ እኔ አላውቅም።»

ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ። እስከዛሬ አላምነውም። ቢቆጡ እሞት ነበር። ብዙ አዩኝ፣ ብዙ። የመንደሪን ቅጠል ወድቆ ትከሻቸው ላይ አረፈ፣ አላራገፉትም።

«ፊደል አልቆጠርሽም አልነበር?»

«አልቆጠርኩም ጌታዬ።»

«እንኳንም አልቆጠርሽ» አሉ።

ተክሌ በሦስተኛው ቀን መጣ። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። «ግራዝማች አማለዱኝ፣ እግዜር ይስጣቸው» አለ። እኔም «ይስጣቸው» አልኩ። አልነገርኩትም። እሱ ቅን ሰው ነበር፤ ቢያውቅ አደባባይ ወጥቶ ይጮህ ነበር፣ ያን ቀን ደግሞ ይገድሉት ነበር።

ባሌን አስፈታሁ፣ እኔ ግን ታሰርኩ። በየዓመቱ ለመስቀል ኖራ አፈላለሁ። በየዓመቱ ግራዝማች ይመጣሉ፣ ለእናትሽ ከረሜላ ወይ ሙሸበክ ይዘው፤ ከግድግዳው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ጀርባቸውን አይሰጡትም። ስለ ዝናብ እናወራለን። ሰው «ምን ያለ ደግ ሰው ነው፣ ዘበኛውን አይረሳም» ይላል። እሳቸው እኔን ይፈራሉ፣ እኔ እሳቸውን፣ ተክሌ መሃላችን ተቀምጦ ይስቃል። ላይ ጸሐፊዎቹ የጽሕፈት መኪናቸውን ሲመቱ ጣሪያው ላይ በረዶ የሚወርድ ይመስላል። ጊዜው ደግሞ እንዴት ያምር ነበር! ከድሬዳዋ በኮንትሮባንድ ናይለን ሻሽ ይመጣል፣ በአምስት ብር ጫማ ከነሶሉ፣ ፈረስ መጋላ ሻይ ቤቱ ሬዲዮ አውጥቶ ዘፈን ሲለቅ መንገደኛው ቆሞ ያዳምጣል። እኔ ግን ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ግድግዳዬን አያለሁ፤ ኖራው ተሰንጥቆ ይሆን፣ ፊት ብቅ ብሎ ይሆን። እናትሽ ትምህርት ቤት ገብታ ፊደል የቆጠረች ቀን ሌላው እናት እልል ሲል እኔ ኖራ ገዛሁ።

ተክሌ ሐኪም ጋራ ግርጌ መሬት አገኘ። ጓደኞቹ ተባብረው ቤት ሊሠሩለት ነው። ሊያሳየኝ ወሰደኝ፤ ፀሐይ፣ ነፋስ፣ ከተማው ሁሉ ከሥርሽ ይታያል። ድንጋይ ደርድሮ «ይሄ ጓዳ፣ ይሄ መኝታ» አለኝ እንደ ልጅ።

«አልፈልግም» አልኩት።

«ምን?»

«ከዚያ ቤት አልወጣም።»

«በላይነሽ፣ ደረቴን እኮ ርጥበቱ እየበላኝ ነው። ያን ቤት ስትፈሪው አልነበረም? ምን አለሽ እዚያ?»

«ለምጄዋለሁ» አልኩት። ድንጋዩን በእግሩ መታ አድርጎ ወረደ። ከዚያ በኋላ ለሰው «ሚስቴ ከኮማንዶ ቤት ጋር ቆርባለች» ይል ነበር። ሰው ይስቃል። እሱ አይስቅም ነበር። ሳሉ ጠናበትና እዚያችው ክፍል፣ ከዚያው ግድግዳ ሥር ሞተ። ይሄን ለእናትሽ ነግሬያት አላውቅም። አባቷን ወደ ፀሐይ ላወጣው ስችል አላወጣሁትም፤ ፈርቼ ነው።

ንጉሡ ሊወርዱ ትንሽ ሲቀር ግራዝማች ታመሙ፤ እኔ ላይ ሰው ላኩ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ያ ረጅም ሰውዬ አልጋው ውስጥ የልጅ ያህል ሆነዋል። ሰዎቹን አስወጡ።

«በላይነሽ፣ ልሞት ነው። እውነቱን ንገሪኝ። ሁለቱ እዚያ አሉ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ፤ «ልጄን ይዘውብኝ ነበር። ፎቁ ላይ፣ የመጀመሪያው ክፍል። ስም ስጥ አሉኝ። አንድ ሰጠሁ፣ አልለቀቁትም። ሁለተኛ ሰጠሁ። በሦስተኛው ለቀቁልኝ። ሲሄዱ እናቃጥለዋለን ብለውኝ ነበር።» እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው ደረቅ ቅጠል ነው። «ሃያ ስንት ዓመት ያን ግድግዳ ሳይ ኖርኩ። አሉ ወይስ የሉም?»

«ጌታዬ፣ እኔ አላውቅም» አልኩ። «ያን ቀን አላውቅም፣ ዛሬም አላውቅም። ባሌን እንዲለቁልኝ ብዬ ነው።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እንግዲያው ፍቂና እዪልኝ» አሉ። «ልጅሽ ተምራለች። ታንብብልኝ። ሳላውቅ አልሙት።»

ወደ ቤት ሄድኩ። ውሃ በሳህን፣ ጨርቅ፣ ቢላዋ። እናትሽ ትልቅ ሴት ሆናለች፣ ግቢ ውስጥ መጽሐፍ ይዛ ተቀምጣለች፤ «ነዪ» ብላት ትመጣ ነበር። ጨርቁን ነክሬ ግድግዳው ላይ አሳረፍኩት። ኖራው ረጠበና ግራጫ ሆነ። ያን ጊዜ እጄ ቆመ። ከዚያ ሥር ያለው የሳቸው ብቻ አይደለም፤ የስንት ሰው ፊት ነው፣ የስንት ሰው ስም! የተጠቆመውም የጠቆመውም ልጆች ዛሬ ባንድ ሰፈር ውሃ ይቀዳሉ፣ ይጋባሉ። የማን አባት ይወጣል? የኔስ አባት ቢሆን? ወይ ተክሌ? እናትሽ ጮክ ብላ ስታነብ፣ በዚያች በጠራች ድምፅዋ፣ ተሰማኝ። ጨርቁን ጨምቄ ውሃውን ጓሮ ደፋሁት።

በማግስቱ ሄድኩ። በሩን ስከፍት ገና ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።

«ፈቅሽው?»

«ፈቅኩት ጌታዬ።»

«ሁሉንም?»

«ከዳር እስከ ዳር። ልጄ አልማዝ አነበበችው። የሳሙና ነው፣ የፈረስ ነው፣ የብርድ ልብስ ነው። የእርስዎ ስም የለም።»

ትንፋሻቸው ወጣ፤ የረጅም መንገድ ትንፋሽ። «የለም?» አሉ። «የለም» አልኩ። ፈገግ አሉ፣ ግድግዳ ያለበትን ወገን ትተው ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በሦስተኛው ቀን አረፉ። እኔም በዚያው ሳምንት ዕቃዬን በሁለት አህያ ጭኜ ከኮማንዶ ቤት ወጣሁ።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ሐሰት ነው ብለው ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ። ዕድሜዬን ሁሉ ሰው ሲያነብልኝ ነው የኖርኩት፣ ሰናይት። እኔ ለሰው ያነበብኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ሳላየው።